የወላጆች ስብሰባ መቼ ይሁን?

የዛሬው ጉዳዬ ከሰሑርና ከኢፍጣር ትንሽ ራቅ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ወር የብዙ ቤቶችን በር ያንኳኳ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዙሁር ሶላት ስወጣ አንዲት እናት የልጇን መገናኛ ደብተር ይዛ በመስጂዱ በር አጠገብ ጠበቀችኝ። ደብተሩ ውስጥ ከትምህርት ቤት የተላከች ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። ወረቀቷ ልጆችን በቤት ውስጥ በጥናት ስለመርዳትና ስለ ስልክ አጠቃቀም ለወላጆች ትምህርት እንደሚሰጥ ገልጻ፣ አርብ መጋቢት 4 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እንዲገኙ ትጋብዛለች።

“ሼኻችን፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?” አለችኝ። “አባቱ በዚያ ሰዓት ጁምዓ ላይ ነው። እኔ ብሄድ ትንሿን የሚይዝልኝ የለም። ስመለስ ዐስር ይደርሳል፤ ኢፍጣሩን መቼ ላድርስ? ብቀር ደግሞ መምህሩ ‘የዚህ ልጅ ወላጅ መቼም አይመጣም’ ይለኛል።”

“ልጄ፣ ቀኑ እንደማይመቻችሁ ለትምህርት ቤቱ ነግራችኋል ወይ?” አልኳት።

ዝም ብላ ቆየችና “እኔ ብቻዬን ተናግሬ ማን ይሰማኛል ብዬ ነው” አለች።

ይህ መልሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የስብሰባ ቀን መምረጥ ቀላል የቢሮ ሥራ ይመስላል። ርዕሰ መምህሩ የቀን መቁጠሪያውን ያያል፣ እንግዳው የሚመቸውን ይጠይቃል፣ አዳራሹ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ወረቀቱ ይባዛል። ነገር ግን ዋናው ጥሪ ቀኑ ራሱ ነው። ወረቀቱ “ሁላችሁም ኑ” እያለ ቀኑ “እናንተ አትመጡም” ሊል ይችላል። እኛም ቀኑ አልተመቸንም ብለን ዝም ካልን፣ መቅረታችን ለልጆቻችን ደንታ እንደሌለን ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቀን ምርጫ ልናገር ነው፤ ለትምህርት ቤቶችም፣ ለእኛም፣ ለራሴም።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

“አንድ ስብሰባ ቢያመልጥ ምን አለበት?” የሚል አይጠፋም። እስቲ ያለንበትን ሁኔታ እንመልከት። ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። መሻሻል አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሽ ነጥብ ሳያገኙ የሚመለሱበት አገር ውስጥ ነን። ይህ ቁጥር የአንድ ሃይማኖት ልጆች ብቻ አይደለም፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አለበት።

ውጤቱ የተበላሸው ወላጅ ስብሰባ ስለቀረ ነው አልልም። ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ በድንገት አይደክምም። ድካሙ የሚጀምረው ማንበብ ሳይችል 3ኛና 4ኛ ክፍልን ሲያልፍ፣ ሌሊት ስልክ ሲነካካ አድሮ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ደብተሩን የሚያገላብጥለት ሰው ሲያጣ ነው። የወላጆች ትምህርት የሚባለው ስብሰባ የሚነጋገረው ስለእነዚህ ነገሮች ነው። በተለይ ራሱ ቀለም ላልቆጠረ ወላጅ ይህ ስብሰባ ትልቅ ዋጋ አለው። የተማረው አባት የቀረበትን በጽሑፍ አንብቦ ይደርስበታል። ያልተማረችው እናት ግን የምታገኘው በጆሮዋ ሰምታ፣ ያልገባትን ጠይቃ፣ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ተያይታ ነው። መጥፎ ቀን ሲመረጥ የሚጎዳው እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ሁለት ጾም በአንድ ሳምንት

ዘንድሮ ነገሩ ለየት ይላል። የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የእኛም ረመዳን የገባው በዚያው ሳምንት ነው። የካቲት ደግሞ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ለወላጅ የሚነገርበት፣ የደከመ ልጅ የሚለይበት፣ ወላጆች የሚጠሩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በዚህ ወቅት ስብሰባ ማብዛታቸው ከክፋት የመጣ አይደለም። ሥራቸው ነው። መምህራኑም ቢሆኑ ሙስሊሙ ረመዳንን፣ ክርስቲያኑ ሁዳዴን እየጾመ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚውል ነው።

ችግሩ የእኛ ወር ባለበት የማይቆም መሆኑ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ የኢትዮጵያ ዓመት 365 ወይም 366። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ለመጨረስም 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በ2010 ዓ.ም. የገባው ግንቦት ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ የካቲት ላይ የወላጅ ስብሰባ የጠራ ርዕሰ መምህር ከረመዳን ጋር አይጋጭም ነበር። ዛሬም በዚያው ልማዱ የካቲትና መጋቢትን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ወሩ ወደ እርሱ መጥቶበት ነው። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን ጥር ማለቂያ ወይም የካቲት መግቢያ ላይ ይጠበቃል፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጥር አጋማሽ ካለፈ በኋላ። ያን ጊዜ የሚነካው የወላጅ ስብሰባን ብቻ ሳይሆን የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ጭምር ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? እኛ ነን። እንግዲያው መናገርም ያለብን እኛ ነን።

ሕግ የሚጠብቀው ቀንና ንግግር የሚጠብቀው ሰዓት

ታሪካችንን ለምናውቅ የቀን ጉዳይ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች አደባባይ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ ሲያቀርቡ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ እንዲከበሩ መጠየቃቸው ይታወሳል። በቀጣዩ ዓመት ኢድ አልፈጥር፣ ኢድ አልአድሃ (አረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ልጅ በኢድ ቀን ትምህርት ቤት መዘጋቱ እንደ ፀሐይ መውጣት ያለ ነገር ነው። አባቶቻችን ግን ያንን ቀን ጠይቀው ነው ያገኙት።

ይሁንና አዋጅ የሚጠብቀው ትልልቁን ቀን ብቻ ነው። የጁምዓን ሰዓት፣ የኢፍጣርን ዋዜማ፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች ለትምህርት ቤት ስብሰባ ብሎ የሚለይ አዋጅ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አርብ የምሳ እረፍት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል መሆኑ ለጁምዓ ሰጋጅ ምን ያህል እንደጠቀመ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ውጭ ያለውን ትንንሽ ሰዓት የሚጠብቀው መነጋገር ነው። ወላጅ ይናገራል፣ ትምህርት ቤት ይሰማል። ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው “ጁምዓ ለሴት ግዴታ አይደለም፤ እናት ትሂድ” ይላል። ሸሪዓው ላይ ትክክል ነው፤ ጁምዓ ለሴት ግዴታ አይደለም። ነገር ግን አርብ 7 ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ ሙስሊም አባት እንዳይመጣ አስቀድሞ ወስኗል ማለት ነው። ልጅ የሁለት ሰው ኃላፊነት ነው። ስለ ስልክ አጠቃቀም እናት ብቻዋን ተምራ መጥታ፣ ማታ ስልኩን የሚሰጠው አባት ምንም ሳይሰማ ቢቀር ትምህርቱ ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል።

ነቢያችን ቀን ሲመርጡ

ለትምህርት ቀን መምረጥ በሃይማኖታችን ውስጥ ቦታ ያለው ነገር ነው። በሱረቱል በቀራ ስለ ጨረቃዎች ለተጠየቀው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጨረቃዎች ለሰዎችና ለሐጅ ጊዜ ማወቂያ መሆናቸውን ያስተምረናል። ጊዜ የተለየው ለሰው ጥቅም ነው ማለት ነው።

በሶሒሕ አልቡኻሪ ውስጥ ከአቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ) የተላለፈ አንድ ሐዲስ አለ። ሴቶች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ወንዶች በእርሳቸው ዘንድ እንደበለጧቸው፣ ለእነርሱም አንድ ቀን እንዲለዩላቸው ጠየቁ። እርሳቸውም ቀን ቀጠሩላቸው፤ በቀጠሮውም ተገኝተው አስተማሯቸው። እስቲ ይህን ሐዲስ በእርጋታ እንመልከተው። መስጂዱ ለሴቶቹ ክፍት ነበር፤ አትምጡ ያላቸው የለም። ግን የነበረው ሁኔታ ለእነርሱ አልበቃቸውም። ችግራቸውን በሆዳቸው ይዘው አልቀሩም፤ ተናገሩ። ነቢዩም “በሩ ክፍት ነው፣ መምጣት ትችሉ ነበር” ብለው አልመለሷቸውም። ቀን ሰጧቸው። የዛሬዋ እናት “ማን ይሰማኛል?” ስትል ይህን ሐዲስ ማስታወስ አለባት። ሰሚውም ማስታወስ አለበት።

ሌላም አለ። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሐሙስ ሐሙስ ሰዎችን ይመክሩ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ቢያደርጉት እንደሚወድ ሲነግራቸው፣ እንዳያሰለቿቸው በመፍራት እንደተውት፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምክራቸውን ጊዜ እየመረጡ ይሰጧቸው እንደነበር ነገሩት። ትምህርቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሰዓቱ ሁሉ ለእርሱ ይመቻል ማለት አይደለም። የሚሰማው ሰው አቅምም ይታያል።

ሦስተኛውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ከገቡ በኋላ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ የእናቱን ጭንቀት አስበው ያሳጥሩት ነበር። ለአንዲት እናት ተብሎ ሶላት ካጠረ፣ ለእናቶች ተብሎ የስብሰባ ሰዓት ቢቀየር ምን ይገርማል?

የራሴ ጥፋት

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በምሰግድበት መስጂድ ለወላጆች “ልጅ አስተዳደግ” በሚል አንድ የትምህርት ፕሮግራም አዘጋጅቼ ነበር። ወሩ ረመዳን፣ ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ። ለእኔ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። ዐስርን ሰግጄ እዚያው እቀመጣለሁ፣ እስከ መግሪብ አስተምራለሁ፣ ከዚያ እናፈጥራለን። ሰውም በብዛት መጣ። በጣም ደስ አለኝ።

ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አስጠሩኝና “ሼኽ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ልጅ የሚያሳድጉት በሌሉበት አስተማሩ አሉ” አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ዞሬ ሳስብ ከሴቶች በኩል የተቀመጡት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። የልጅ እናቶች በሙሉ በዚያ ሰዓት ሰንቡሳ እየጠቀለሉ፣ ሾርባ እያማሰሉ፣ ሕፃን አዝለው ወጥ ቤት ነበሩ። ያን ሰዓት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ወጥ ቤት የማይገባ ሰው የመረጠው ሰዓት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ፕሮግራም ቀን ከመቁረጤ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ። “በዚህ ቀንና ሰዓት ማን ይቀራል?” እላለሁ። “ማን ይመጣል?” ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ የሚመጣው ሰው በማንኛውም ቀን ይመጣል። የሚቀረውን ማሰብ ግን ቀኑን ያስተካክላል።

ቀኑን አብረን እንቁጠረው

ነገሩን በወሬ እንዳልተወው የዘንድሮውን ቀን አብረን እንቁጠር። ቀን የሚመረጠው መጀመሪያ የማይሆኑትን ቀናት በመሰረዝ ነው።

የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሊገቡ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። በእነዚህ ቀናት ብዙ ሰው ለይለተል ቀድርን ፍለጋ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፤ ኢዕቲካፍ የሚገባም አለ። ስለዚህ እስከ ኢድ ያሉትን ቀናት እንሰርዝ። ኢድ አልፈጥር መጋቢት 10 ወይም 11፣ ሐሙስ ወይም አርብ ይጠበቃል። ቁርጡ የሚታወቀው በጨረቃ መታየት ስለሆነ ከኢድ በፊትና በኋላ አንድ ሁለት ቀን ነጻ መተው ያስፈልጋል። መጋቢት 12 እና 13 ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ ሰው ዘመድ ጥየቃ ላይ ይሆናል፣ አገር ቤት የሄደውም አይመለስም። እነርሱንም እንሰርዝ።

ከሌላኛው ጫፍ ደግሞ እንምጣ። የክርስቲያን ወገኖቻችን ሆሳዕና መጋቢት 27 ነው። ከመጋቢት 28 ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፤ ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል። እኛ ረመዳናችን እንዲከበር የምንፈልገውን ያህል የእነርሱንም ሕማማት ማክበር አለብን። በአንድ ክፍል ውስጥ የሁለቱም ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁለቱም ይገኛሉ። ለእኛ ብቻ የሚመች ቀን ጠይቀን ጎረቤታችንን ካስቀረን ምኑን ተማርነው?

እንግዲህ ከሰረዝነው መካከል ሰፊ ሆኖ የቀረው ቅዳሜ መጋቢት 19 ነው። ቀኑ በወሩ የገብርኤል ዕለት ስለሆነ በማለዳ ቤተክርስቲያን የሚሳለሙ ወላጆች ይኖራሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ቢሆን ለሁሉም ይደርሳል፤ ከዙሁርም በፊት ያልቃል። በዚህ ቀን ያልቻለ ቢኖር ሁለተኛው ዕድል ከትንሣኤ በኋላ ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ነው። ከዚያ በላይ ማዘግየት ግን አይመከርም። አረፋ ግንቦት 19 አካባቢ ይጠበቃል፤ ቀጥሎ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ይመጣል። ለፈተና አንድ ወር ሲቀረው ለወላጅ “ልጅህን አስጠና” ማለት ዝናቡ ከገባ በኋላ ጣሪያ እንደ መክደን ነው።

ይህም ቢሆን ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ቀን አይደለም። ሐረርን ውሰዱ። የሐረር ሕዝብ ከኢድ ማግስት ጀምሮ ስድስቱን የሸዋል ጾም ጾሞ ሹዋሊድን ያከብራል፤ ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መጋቢት 19 ከእርሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ የሐረር ትምህርት ቤት የራሱን ቀን መቁጠር አለበት። ባቲ ደግሞ ገበያው ሰኞ ነው። በገበያ ቀን ስብሰባ መጥራት ስህተት ይመስላል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ ቁርአን ስቀራ አባቴ ሼኼን አግኝቶ ስለ እኔ የሚጠይቀው በገበያ ቀን ብቻ ነበር። ከገጠር የሚወጣበት ሌላ ቀን ስላልነበረው ፍየሉን ሸጦ ሲያበቃ በዚያው ጎራ ይል ነበር። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ወላጅ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማንኛውም ቅዳሜ ሊሻል ይችላል። መልሱ ያለው እዚያው ያለው ወላጅ ጋር ነው።

ሰዓቱና የራቀው ወላጅ

በረመዳን ውስጥ የግድ መሰብሰብ ካስፈለገ የጠዋቱ ሰዓት ይሻላል። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጾመኛው ገና አልደከመም። ከዙሁር በኋላ ጉልበት ይቀንሳል። ከዐስር በኋላ እናት ወጥ ቤት ናት። አሁን አዲስ አበባ ላይ መግሪብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ስለሆነ፣ 10 ሰዓት የተጀመረ ስብሰባ በትራንስፖርት ሰልፍ ላይ አፍጥሮ የሚመለስ ወላጅ ያመጣል። ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ ልጆች የሚተኙበት ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብዙ ልጆቻችን መድረሳ እንዳላቸውም አትርሱ፤ የመድረሳ ኃላፊዎችና ትምህርት ቤቶች በስልክ ቢነጋገሩ አንዱ ሌላውን አያጨናንቅም።

በየሰፈራችን እናታቸው ሳዑዲ ወይም ኩዌት፣ አባታቸው ዱባይ የሆኑ ልጆች አሉ። ስብሰባ የምትመጣው አያት ወይም አክስት ናት። ገንዘቡም ውሳኔውም ያለው ግን ከባሕር ማዶ ነው። በሰው ቤት ለምትሠራ እናት ረመዳን ከወራት ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ወር ነው፤ በዚህ ወር ደውላ ከመምህር ጋር ታወራለች ማለት ዘበት ነው። ለእርሷ የሚሻለው የተነገረው ነገር በአጭር ድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ቢላክላት ነው። ሥራዋን ስትጨርስ በእኩለ ሌሊት ታዳምጠዋለች።

እኛስ ምን እናድርግ?

ትምህርት ቤቶችን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ጠይቁ፤ በኅብረቱ ውስጥም እናቶች ይኑሩበት። ጥሪውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ። የቀን ሠራተኛ ለመቅረት አሠሪውን ማስፈቀድ፣ ሻይ የምትሸጥ እናት የሚተካት ሰው መፈለግ አለባት። ከተቻለ ደግሞ አንዱን ትምህርት በሁለት ቀን ስጡ።

ለእኛ የምለው ግን ይበዛል። አንደኛ፣ ጾምን ሰበብ አናድርገው። የበድር ዘመቻ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዳን 17ኛው ቀን ነበር። ጾም ከኃላፊነት የምንሸሸግበት ግድግዳ አይደለም። ቀኑ ካልተለወጠ አንዳችን እንሂድ፤ እናት ከሄደች አባት የዚያን ቀን ኢፍጣር ያዘጋጅ፣ ወይም ጎረቤት ሾርባውን ታቀብል። አንድ ቀን በቴምርና በውሃ ብናፈጥር ምንም አንሆንም።

ሁለተኛ፣ መስከረም ላይ እንናገር። ትምህርት ሲከፈት የረመዳንን፣ የሁለቱን ኢዶችና የመውሊድን ግምታዊ ቀን በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ “በጨረቃ ምክንያት አንድ ቀን ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል” ብለን ለርዕሰ መምህሩ እንስጥ። ይህን ለማድረግ ሼኽ መሆን አያስፈልግም። በመጋቢት ከማኩረፍ በመስከረም መናገር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። አንዲት እናት ስትናገር የግል ችግር ይመስላል፤ አምስት እናቶች በአክብሮት ሲናገሩ መረጃ ይሆናል። አራተኛ፣ ቀኑ ከተለወጠልን እንገኝ። ጠይቀን ቀን አስለውጠን ከቀረን በሚቀጥለው ዓመት የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ አፉን እናስይዘዋለን።

ያቺን እናት “ሌሎች እናቶችን ይዘሽ ሂጂ” ብዬ ነበር የሸኘኋት። ትናንት ተመልሳ መጣች። ሦስት ሆነው ሄደው አነጋግረዋል። ርዕሰ መምህሩ በቁጣ አልተቀበላቸውም፤ “እስከ ዛሬ ማንም አልነገረንም” ነው ያላቸው። የአርቡ ፕሮግራም እንግዳው ስለተቀጠረ አይሰረዝም። ነገር ግን 20 ወላጆች ስማቸውን ካስመዘገቡ ያው ትምህርት ቅዳሜ መጋቢት 19 ጠዋት ይደገማል። እስከ ትናንት ከቀትር በኋላ 13 ስም ይዛለች፤ ከእነርሱ አራቱ ክርስቲያን እናቶች ናቸው። አርብ ቀን ሥራ ስላላቸው ለእነርሱም ቅዳሜ ይሻላቸዋል።

ሰባት ስም ይቀራል። ዛሬ ከተራዊሕ በፊት በመስጂዳችን እኔው ራሴ እጠይቅላታለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለች ወረቀት የያዘች እናት ካለች “ልሂድ ወይስ ልቅር?” ብላ ብቻዋን እንዳትጨነቅ አግዟት።

አላህ ልጆቻችንን የዲናቸውም የአገራቸውም አለኝታ ያድርግልን፤ የቀሩትን የረመዳን ቀናት ይባርክልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።